ከእንግሊዝ ከተዋሳችሁ ትክክለኛውን ሕግ ተዋሱ

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አጀንዳው ውሻ ነው። አዘዞ በኩል የአንዲት እናት ሦስት በጎች በአንድ ሌሊት በውሻ አልቀዋል። መድረኩን የያዙት ሰውዬ ማይክ ጨብጠው መፍትሔ አመጡ። «እንግሊዝ እንኳ አደገኛ የውሻ ዝርያ ከልክላለች። እኛም ጎንደር ላይ ፒትቡልና ሮትዋይለር እንከልክል» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ።

እስኪ ልጠይቅ። ያን ሌሊት ፒትቡል ያየ ሰው አለ? የለም። ጠዋት የተገኘው የተቦጫጨቀ በግና ጭቃው ላይ የታተመ የብዙ ውሻ ዱካ ነው። እዚህ ከተማ በመንጋ የሚዞር ፒትቡል አይቼ አላውቅም። በመንጋ የሚዞረውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለኪዳን ማልዶ የሚወጣ ሰው ዱላ የሚይዘው ለማን መሰላችሁ? ግቢው ውስጥ በሰንሰለት ለታሰረው የፈረንጅ ውሻ?

ከዚያ ሌላ ተናጋሪ ተነሱ። የባሰ መጣ። «የሐበሻ ውሻ ከበግ ጋር ስለሚያድግ በግ አይነካም።» ይህን ሲሉ ማንም አልሳቀም። ከበግ ጋር ያደገ ውሻ የማይነካው የጌታውን በግ ነው፤ የጎረቤት በግ ለእሱ ሌላ ፍጥረት ነው። ወገራ ያለ ትንሽ እረኛ ይህን ያውቃል። ቀን የጌታውን መንጋ ሲጠብቅ የዋለ ውሻ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ይደራጅና የሰው ጋጣ ይገባል። በጉ ሲሮጥ እሱ ያሳድዳል። ያገኘውን ይነክሳል፤ ሁሉንም ደግሞ አይበላም። ከንክሻው የተረፈችው እርጉዝ በግ በድንጋጤ ትጨነግፋለች። ጠዋት ያ ውሻ አፉን ልሶ፣ ጅራቱን እየቆላ፣ በር ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ባለቤቱም «የእኔማ ከግቢ አይወጣም» ብሎ ይምላል።

እንግሊዝን ከጠቀስን አይቀር በደንብ እንጥቀስ። ሰውዬው የሰሙት እ.ኤ.አ. ስለ 1991ዱ ሕግ ነው። ፒትቡል ቴሪየርን፣ የጃፓኑን ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖንና ፊላ ብራዚሌሮን በስም ጠርቶ የከለከለው። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚሉት ተጨመረበት። ያ ሕግ የወጣው ሰው ስለተነከሰ ነው። የበግ ጉዳይ በሌላ ሕግ ነው የሚታየው፤ በ38 ዓመት በሚቀድመው፣ በ1953ቱ። እዚያ ውስጥ የተከለከለ ዝርያ ብትፈልጉ አታገኙም። ውሻህ እርሻ ላይ የሰው በግ ካሳደደ ጥፋተኛ ነህ። ባያሳድድም፣ ሳይታሰርና ተቆጣጣሪ ሳይኖረው በግ ያለበት ማሳ ውስጥ ከተገኘ ጥፋተኛ ነህ። ጥጃ የሚያክል ይሁን እቅፍ ውስጥ የሚገባ ለሕጉ አንድ ነው። ሥራ ላይ ላሉ ውሾች፣ ለምሳሌ በግ ለሚነዳው፣ ነው ፈቃድ ያለው። በ1971 የወጣው ሌላው ሕጋቸው ደግሞ ይቀጥላል። ገበሬው በጎቹን ለማትረፍ ሌላ መንገድ አጥቶ ውሻውን ቢተኩስ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እስካሳወቀ ድረስ የውሻ ካሳ ክፈል አይባልም።

እኛ ምን አደረግን? በግ ሞቶብን ሰው ለሚነክስ ውሻ የወጣውን ሕግ ልንዋስ ተነሳን።

ያም ሕግ ቢሆን ለእንግሊዞቹ ለራሳቸው አልቀለላቸውም። ኤክስ ኤል ቡሊን ለመለየት ሜትር ያስፈልጋቸዋል። ወንዱ ከመሬት እስከ ትከሻው ከ51 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ ከ48 ጀምሮ። ከዚያ ጭንቅላቱ፣ ደረቱ፣ አፍንጫው ይታያል። የእኛን ደንብ አስከባሪ እስኪ አስቡት። በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ሜትር ይዞ ማራኪ ሰፈር ላይ ውሻ ሲለካ! የሚለካው ደግሞ ዲቃላ ነው። አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው የተባለ፣ እናቱ ከሥጋ ቤት በር የተነሳች። ምን ብሎ ሊመዘግበው ነው? ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ፒትቡልን ከልክላ በ2008 ክልከላውን አንስታለች። ንክሻው አልቀነሰማ።

ይበልጥ የሚያናድደው፣ ከማንም መዋስ አያስፈልገንም ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 እዚሁ አለ። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በድንገት አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም። አበቃ። የውሻ ዝርያ አይጠይቅም። ይህ አንቀጽ ሥራ የፈታው የማን ውሻ እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው። የአንገት ማሰሪያ የለ፣ ቁጥር የለ፣ መዝገብ የለ። ውሻው በግ ሲገድል የማንም አይደለም፤ ሌባ ሲይዝ ደግሞ ባለቤቱ ይበዛል።

«ማን ይመዘግባል? አቅም የለንም» ተባለ። እሺ፣ ውሻን መመዝገብ ያቃተው ሰው የውሻን ዘር መለየት ይችላል?

ትልቅ ውሻ ሲነክስ ጉዳቱ እንደሚብስ አልክድም። እሺ። ግን ስለ ከብት ለማውራት ከተሰበሰብን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የእብድ ውሻ በሽታን ማንም አለማንሳቱን እንዴት ልቻለው? አጎቴ ደንቢያ ነው የሚያርሱት። አንድ በሬያቸውን ውሻ እግሩ ላይ ጫር አደረገው። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ዳነ። ከሳምንታት በኋላ በሬው መብላት አቆመ። ያጓራል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። አጎቴ የተሰነቀረበት ነገር አለ ብለው እጃቸውን አፉ ውስጥ ሰደዱ። ገበሬ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ አስፈሪውም እሱ ነው። እንስሳት ሐኪሙ ሲሰማ ጮኸባቸው። እሳቸው ክትባት እየተወጉ ተረፉ። በሬው ሞተ። ከጎረቤታቸው ጋር መቀናጆ ስለነበሩ በዚያ ክረምት ሁለት ቤት ሳያርስ ቀረ።

የነከሰው ውሻ? ተራ ቡላ ውሻ። የሐበሻ። «በግ የማይነካው» ያ ራሱ።

በዚህ በሽታ ከሚሞተው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ እስከ 99 በመቶው፣ የሚያዘው ከውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ሥርጭቱ ይቋረጣል ይላል። ፒትቡል ከልክሉ አይልም። (ስብሰባው ላይ መርዝ ይጣል ያሉም ነበሩ። ውሻ መፍጀት ይህን በሽታ እንዳላቆመው ድርጅቱ ራሱ ሲናገር ኖሯል።) ደግሞ ከደባርቅ ወዲያ ያሉትን ቀይ ቀበሮዎች የሚያስታውስ አለ? በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ ናቸው የቀሩት። ስጋታቸው ፒትቡል እንዳይመስላችሁ። ከእረኛው ውሻ የሚጋባባቸው በሽታ ነው።

የሚያስፈልገው ዘመቻ እኮ ረቂቅ አይደለም። ውሻው ሲከተብ ቁጥር ያለው ማሰሪያ አንገቱ ላይ ይታሰር። ቁጥሩ ከባለቤቱ ስም ጋር ይጻፍ። ማታ በሩን ከፍቶ «ይዙር» ብሎ የሚለቅ ሰው፣ ጠዋት የበግ ዋጋ ይክፈል። የሥጋ ቤት ትርፍራፊ መንገድ ላይ አይጣል። ለዚህ የሚያጨበጭብ የለም፤ ምክንያቱም ጣት የሚቀስረው የፈረንጅ ውሻ ላይ ሳይሆን እኛው ላይ ነው። ፒትቡል የሌለው ሰው ፒትቡል ሲከለከል ምን ይጎድልበታል?

በመጨረሻ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሚከለከሉ ዝርያዎችን ዝርዝር አጥንቶ ያቀርባል። የበጎቹ ባለቤት ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው ነበር። እጄን አውጥቼ «የእኚህን እናት ሦስት በጎች ማን ይክፈል?» አልኩ።

«ከአጀንዳ ውጭ ነው» ተባልኩ።