የሠሩበትን ስጧቸው!

እኔ የምለው፣ ሴፍቲኔት (የምግብ እጥረት ያለበት የገጠር ሰው የአካባቢ ሥራ ሠርቶ ብር የሚያገኝበት ፕሮግራም) ምጽዋት ነው እንዴ? በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ክፍያ በዘገየ ቁጥር መልሱ «ታገሱ፣ ይመጣል» ነው። ሰዎቹ እኮ ድንጋይ ተሸክመው፣ እርከን ሠርተው፣ ክትር አስረው ነው። ስማቸው በየቀኑ ይመዘገባል። አንድ ቀን ከቀሩ ይቆረጥባቸዋል። ሲቆረጥ ሲስተሙ ተበላሽቶ አያውቅም!

አክስቴ አንዷ ነች። ማሽላ ነው የምትዘራው፤ ዝናብ ከመጣ ይበላል፣ ካልመጣ የለም። የሴፍቲኔት ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ብሩ በየወሩ መምጣት ነበረበት። እሱ ግን ይጠፋል ይጠፋልና የሁለት ሦስት ወሩ ተደርቦ ይመጣል። ያኔማ ተበልቶ አልቋል። ዱቄቱም ዘይቱም ከባለሱቁ በዱቤ ተወስዷል። የዱቤ ዋጋ ደግሞ ሌላ ነው። (በባለሱቁ አልፈርድም፣ እሱም ከከተማ በካሽ ነው የሚያመጣው።)

ቀበሌ ስትጠይቅ «ከላይ አልተለቀቀም»። ላይ ስትጠይቅ «እኛ ልከናል፣ ችግሩ ከሲስተሙ ነው»። ሲስተሙን የት ሄዳ ታናግረው?

በጣም የሚያናድደኝ የፍየሏ ነገር ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ምን ነበር? ሰው በክፉ ወር ከብቱን እንዳይሸጥ፣ ጥሪቱን እንዳያሟጥጥ። ዘንድሮ ክፍያው ሲዘገይ አክስቴ ፍየሏን ሸጠች። ያውም የምታልባትን። ጎረቤቱም ሁሉ ብር አጥቶ ፍየሉን አውጥቶ ነበርና ነጋዴው በጠራው ዋጋ ሄደች። ብሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ዱቤው ተከፍሎበት የተረፈው ግልገል እንኳ አይገዛም።

ክፍያው በስልክ ሆነ ሲባል እኔም ሰልፍ ቀረ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን መልእክቱ ይገባል፣ ብሩን በካሽ የሚሰጠው ወኪል ጋ ሲኬድ «ካሽ አልቋል»። ወይ ኔትወርክ የለም። ማንበብ የማይችሉት እናቶች የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሰው ሰጥተው ነው የሚያወጡት። ስንት እንደገባላቸው በምን ያውቃሉ? መሥራት ስለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ አዛውንት ሳይቀሩ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ወኪል ይጠብቃሉ።

«የገጠር ጉዳይ ነው» የምትሉ የከተማችን የከዚራና የሳቢያን ሰፈር ሰዎች፣ እስቲ ከተማውን ሰንጥቆ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ አስቡ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። ውሃው የወረደው ከላይ ከተራራው ነው። ውሃውን የሚገታው እርከንም የሚሠራው እዚያው ላይኛው አገር ነው። ዳመና በጠቆረ ቁጥር ደቻቱን የምናይ እኛ ነን፣ ድንጋዩን የሚደረድሩት እነሱ ናቸው። ታዲያ ብር የሚጠፋው ለእነሱ ነው? ስለ እርከን ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ሲሰጥ ግን አበል ዘገየ ሲባል ሰምቼ አላውቅም!

እሺ፣ ዘገየ እንበል። ቢያንስ መቼ እንደሚመጣ ንገሯቸው። ቀበሌው በር ላይ «የሚያዝያ ክፍያ በዚህ ቀን» ብላችሁ ለጥፉ። በኦሮምኛም በሶማሊኛም ይጻፍ። ማንበብ ለማይችለው ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ ላይ ይነገርለት። ቀኑ ከታወቀ ባለሱቁም ይታገሣል፣ ፍየልም በችኮላ አይሸጥም። ይሄ በጀት አይጠይቅም። ወረቀትና ፕላስተር ነው። እሱም ከጠፋ እኔ እገዛለሁ።