የጓሮ ምድጃና የእድርተኛ ዓይን

በደብረ ማርቆስ ጓሮ ማለት ጌሾ፣ ጎመንና የታሰረ በግ ነው። የጎረቤቴ ሴት ልጅ ግን ለገና ከአዲስ አበባ መጥታ «አባዬ፣ የጡብ ምድጃ ቢኖረን ፒዛ እዚሁ እንጋግር ነበር» ካለችው ወዲህ ሰውዬው እንቅልፍ አጥቷል። ገንዘብ እንደሌለው ለሰፈሩ ሁሉ ነገረና ወዲያው ስለ ስፋቱ መጨነቅ ጀመረ።

«ድግስ ቢመጣስ?» ይላል። የወለሉ ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምድጃ ለአንድ ቤተሰብ ይተርፋል። ወለሉ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ ስስ ፒዛ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ምድጃው በሰፋ ቁጥር የሚበዛው የሚማገደው ባሕር ዛፍ ነው። እሱ ግን የሚለካው በእድርተኛው ቁጥር ነው። በሩንም እንግዳ እሳቱን ከሩቅ እንዲያይ ማስፋት አማረው። የበር ቁመት ከጉልላቱ ቁመት 63 በመቶ ገደማ ካለፈ ሙቀቱ ከእንግዳው ቀድሞ ይወጣል።

ግንበኛው ደግሞ ሲሚንቶ ያልገባበትን ነገር ሥራ ብሎ አይጠራም። ተራ ሲሚንቶ እንዲህ ያለ እሳት ሲያገኘው እንደሚሰነጠቅ ሲነገረው «እኔ የሠራሁት ፎቅ ተሰንጥቆ አያውቅም» አለ። ሳሎን ውስጥ ግንድ የሚያነድ ሰው እንደሌለ እስክናስረዳው ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ሸክላ አፈርና አሸዋ። እሳት የሚችለውን አፈር የሚያውቁት ግን ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ጎረቤቴ ዕድሜውን ሙሉ በምጣዳቸው የተጋገረ ሲበላ፣ በጀበናቸው የፈላ ሲጠጣ ኖሯል፤ ደጃቸውን መርገጥ ግን ለአጥንቱ አይመጥነውም ነበር። አሁን ኮፍያውን አውልቆ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» ይላል። አሮጊቷ አፈሩን በጣታቸው እያሹ «ለምን ሊሆንህ ነው ልጄ?» አሉት።

«ለፒዛ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቂጣ ነው፤ አይብ ይደረግበታል።»

«ታዲያ ምጣድ ምን አነሰው?»

አፈሩን ተሸክሞ ወጣ።

ገንዘብ መውጣት የነበረበት ማንም ከማያየው ቦታ ነው፤ ከወለሉ ሥር ሙቀት የሚያግድ ነገር ከሌለ መሬቱ ሙቀቱን ይመጠዋል። እሱ ግን የመደበው ለውጭው ሴራሚክ ነበር። ደግነቱ ባዶ ጠርሙስ በአሸዋ ውስጥ ተደርድሮ ቢቀበር ለዚህ ሥራ ይበቃል። ጠርሙሱ ከጎተራው ጀርባ በብዛት ተገኘ፤ ሁሉም የአረቄ። ሚስቱ ቆጠረችው፤ ያን ማታ ስለ ምድጃ አልተወራም።

እርጥቡ ጡብ እንዳይፈነዳ ለቀናት በትንንሽ እሳት መድረቅ አለበት። ደርቆ ሲያበቃ ዐቢይ ጾም ገባ፤ አይቡም 55 ቀን ሊጠብቅ ሆነ። ሚስቱ በኮባ የጠቀለለችውን ድፎ ፍሙ ከተጠረገ በኋላ ከተተችው፤ እጅ የሚያስቆረጥም ሆኖ ወጣ። እድርተኛው ድፎውን እየበላ ምድጃውን በክንዱ ሲለካ ዋለ። ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤታችን «መልካም ነው፤ የእኔ ግን ከዚህ ሰፋ ይላል» አለ።