«የመብራት ሂሳብ» የምንለው የምጣድ ሂሳብ ነው

አማቼ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ማታ ማታ ከክፍል ክፍል እየዞሩ መብራት ያጠፋሉ። ሽንት ቤት ሆነህ ድርግም። ሳሎን ቁጭ ብለህ ድርግም። «ልጄ፣ ብር እኮ ነው የሚነደው» ይላሉ። በኩራዝ ያደጉ ሰው ናቸው፣ አልፈርድባቸውም።

ሂሳቡ ግን ቅንጣት አልቀነሰም።

ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። እንጀራው፣ ወጡ፣ ቡናው፣ የገላ ውሃው፣ ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው። ከሰል እናቀጣጥል ብንል ጭሱ ከእኛ አልፎ የጎረቤት ልብስ ያጥናል። ባለፈው ወር ሂሳቡ ሲመጣ ተናደድኩና ቅዳሜ ጠዋት ምድር ቤት ወርጄ ቆጣሪያችን ፊት ቆምኩ። ባለቤቴ ከላይ ሆና በስልክ እያወራን ነው።

ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ቁጥር ተጽፏል፤ የእኛ ላይ 1600 ይላል። 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተበላ ማለት ነው። ባለቤቴ ፍሪጁን ሳይቀር ሁሉንም ነቀለችና አምስት አምፖሎች ብቻ አበራች፣ ባለ 9 ዋት። ብልጭ አለች። ጠበቅኩ። ጥበቃ ሰዎች «ምን ጠፍቶህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለተኛዋ ብልጭታ የመጣችው ከ50 ሰከንድ በኋላ ነው።

«አሁን አምፖሎቹን አጥፊና ቦይለሩን» አልኳት። በየሰከንድ ተኩሉ ብልጭ ማለት ጀመረች።

«እሱንም አጥፊና ምጣዱን።» ቀይዋ መብራት አበደች። መቁጠር ሁሉ አቃተኝ።

ምጣዳችን 3.5 ኪሎዋት ነው። አምስቱ አምፖሎች ሦስት ቀን ሙሉ ሌት ተቀን በርተው የሚበሉትን አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ይህን ለአማቼ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጨለማ ውስጥ የተቀመጥኩት ለምንድን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያሳሳተን ስሙ ይመስለኛል። «መብራት ጠፋ»፣ «መብራት መጣ»፣ «የመብራት ክፈል» እንላለን። ኤሌክትሪክ ብዙ ቤት ሲገባ ሥራው አምፖል ማብራት ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ። ዛሬ ግን ሁሉ ነገሩ በኤሌክትሪክ በሆነ ቤት ውስጥ የምንከፍለው ለሙቀት ነው። የሚያሞቅ ዕቃ ሁሉ በላተኛ ነው፦ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ቦይለር፣ ካውያ። የሚያበራና የሚያወራው ከእነሱ ጋር ሲተያይ ምንም አይደል።

የእኛን ቤት በግምት ላስላው። በሳምንት ሁለቴ እንጋግራለን፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ገደማ። ይህ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የመጀመሪያዋ እንጀራ ከመጋገሯ በፊት ምጣዱ እስኪግል ድረስ ብቻ ሩብ ሰዓት ይሄዳል፤ ሁለቴ መጋገር ማለት ያንን ሁለቴ መክፈል ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በየቀኑ ከሆነ በወር 75። ቦይለሩ ሌሊቱን ተሰክቶ ካደረ ደግሞ ማንም ሳይታጠብ እየቀዘቀዘ እየሞቀ ይበላል፤ 100 በሉት። ምድጃው 90 አያጣም። የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱን ይጨምራል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አይበስሉም። ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት የገዛ ሰው ሂሳቡ ላይ ያየዋል። ፍሪጅ 30፣ ቴሌቪዥን 15፣ አምፖሎቹ ሁሉ ተደምረው 7። ጠቅላላው 300 አለፈ።

ይህን ቁጥር ይዛችሁ ታሪፉን ተመልከቱ። በ2011 የተጀመረው የአራት ዓመት ማስተካከያ በ2014 ሲጠናቀቅ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአንዱ ዋጋ 0.273 ብር ሆኖ እንደነበረ ቀረ። ከ500 በላይ ላለው ግን 2.481 ብር ደረሰ፣ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ጭማሪ አለ። ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይክፈል የሚለው ሐሳብ ክፉ አይደለም። አምፖልና ሬዲዮ ብቻ ያለውን ቤት ይጠብቃል።

እኔ የምቃወመው እንጀራ መጋገርን እንደ ቅንጦት መቁጠሩን ነው። የታላቁ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት ተብሎ ጨፍረናል፤ እኔም ጨፍሬያለሁ። ከሰልና እንጨት ተዉ ሲባል ኖሯል። የተወው ሰው ግን የታሪፉን እርከን ሲወጣ ራሱን የሚያገኘው ቤቱን በመብራት እንዳንቆጠቆጠ ሀብታም ተቆጥሮ ነው። ጎረቤታችን አንድ ክፍል አከራይተዋል። ሁለት ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ። ቆጣሪው ሰው አይቆጥርምና ተከራይቱ ሽሮ በሠራች ቁጥር ሁለቱም ተያይዘው ወደ ውዱ እርከን ይወጣሉ። ለማብሰያ የሚሆን ርካሽ እርከን ሰፋ ብሎ፣ ቢያንስ እስከ 200 ድረስ፣ ቢሰጥ ምን ይጎዳል? ደባል ለሚኖርበት ቤትስ ሁለተኛ ቆጣሪ ማስገባት ለምን ዘመቻ ይሆናል?

እስከዚያው ግን የራሳችሁን ሂሳብ አንብቡ። ከብሩ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች እዩ፣ የበፊቱን ንባብና የአሁኑን። አንድ ጊዜ ሂሳባችን ላይ የተጻፈው የአሁን ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው በ140 ይበልጥ ነበር። አንባቢው ሳይመጣ በግምት ሞልቶት ኖሯል። ስልኬ ላይ የቆጣሪው ፎቶ ከነቀኑ ስለነበረ ብዙ ሳልከራከር ተስተካከለልኝ። አሁን በየወሩ መጨረሻ ፎቶ አነሳለሁ።

አማቼ ሥራ ቀይረዋል። ኮሪደሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ ደንታቸው አይደለም፤ የሚጠብቁት የቦይለሩን ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ይከፍቱታል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጉታል። ትናንት ረፍዶ የተነሳው የባለቤቴ ወንድም ሳሙና እንደተቀባ ሲጮህ ሰማነው።