ማን ጎተተው?

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለች አንዲት ጀበና ቡና ቁጭ ብለናል። ሬዲዮው ዜና ያነባል። «ግንባታው በተለያዩ ምክንያቶች ተጓቷል» አለ። ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒ እያለቀለቀች «ማን ጎተተው?» አለች። እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። የምሯን ነው የጠየቀችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉ አልለቀቀኝም።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ሁለት ዋና ግሶች አሉት፤ ሳበ እና ጎተተ። መዝገበ ቃላት አንዱን በሌላው ሊፈታው ይችላል። አፋችን ግን ይለያቸዋል። የተሳበ ነገር ይመጣል። የተጎተተ ነገር እምቢ እያለ ይመጣል። ቆንጆ ልብስ ዓይን ይስባል እንጂ ዓይን አይጎትትም። ፖሊስ ሌባ ይጎትታል እንጂ ሌባ አይስብም። እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ወይ ደክሞታል፣ ወይ መሄድ አልፈለገም።

ሳበ ቤተሰቡ ሰፊ ነው። የመጣው ከግእዙ ሰሐበ ነው። መሐል ላይ የነበረችው ሐ አማርኛ ውስጥ ስትገባ ተዋጠች። «መስሕብ» ስንል ግን ብቅ ትላለች። መሬት ላይ የያዘን ስበት የሱ ልጅ ነው። ከባድ መኪና ከኋላው የሚያስከትለው ተሳቢም፣ ቢሮ ውስጥ ያለው መሳቢያም እንደዚሁ። ወታደር ቃታ ይስባል። አጫሽ ሲጋራውን ሳብ ያደርጋል። የታክሲ ረዳት የመኪናውን ጎን መታ አድርጎ «ሳበው!» ካለ ጉዞ ተጀመረ ማለት ነው፤ ምኑ እንደሚሳብ ሾፌሩም አይጠይቅ። ተስቦ የሚባለው በሽታ እንኳ የዚሁ ዘር ይመስለኛል። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሳበ ስለሚሄድ ይሆን?

የሚገርመኝ ግን ሁለቱ ግሶች «እርስ በርስ» ሲሆኑ ነው። ሳበ «ተሳሳበ» ይሆናል። ጎተተ «ተጓተተ» ይሆናል። ማግኔትና ብረት ይሳሳባሉ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ እዩት። 380 ሜትር ይረዝማል። ኬብሎቹ ወለሉን ወደ ላይ ይስባሉ፣ ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል። በዚህ መሳሳብ ጸንቶ ቆሟል። መጓተት ሌላ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ፎጣ በየጫፉ ሲይዙ ይጓተታሉ። መጨረሻው ይታወቃል፤ ፎጣው ይቀደዳል።

ጣና ላይ መረብ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለማወቅ ሰዋስው አያስፈልገውም። ሁለት ሰው አንድ መረብ ይይዛል። ወደ አንድ ወገን ከሳቡት ቀረሶውም አምባዛውም ይመጣል። ከተጓተቱ አሣው ያመልጣል፣ የቀረውን ጊዜ መረብ ሲጠግኑ ይውላሉ። አንድ አሣ አጥማጅ «እኛ ዘንድ መረቡን ማን እንደቀደደው ሳይታወቅ አይታደርም» ብለውኛል።

ዜናው ላይ ግን ይታደራል። «ፕሮጀክቱ ተጓተተ»። ልጆች ሆነን «አበበ በሶ በላ» ስንማር አበበ ባለቤት፣ በሶ ተሳቢ ነበር። እዚህ ባለቤቱ ማን ነው? በሰዋስው ከሄድን ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶውና ብረቱ ተነሥተው እርስ በርስ ተጓተዋል ማለት ነው! በገንዘብ በኩል ያለው አንዱን ጫፍ፣ በጨረታ በኩል ያለው ሌላውን ጫፍ ይዘው እንደሆነ ቃሉ አይነግረንም። «ተጓተተ» ለኃላፊ ምቹ ቃል ነው። ባለቤት ይሸፍናል።

ባለቤት ያለው አነጋገር ደግሞ ይቻላል። ጢስ ዓባይን እንውሰድ። ፏፏቴው ከክልላችን ታዋቂ መስሕቦች አንዱ ነው። አሁን በበጋ ሄዶ ቀጭን ውኃ አይቶ የሚመለስ ጎብኚ ብዙ ነው። «ውኃው ቀነሰ» ማለት እንችላለን። ግን ውኃውን የሳበው ይታወቃል። በፈረንጆቹ 1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ ውኃ ጠለፈ። ሁለተኛው ጣቢያ ተጨመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሐይቁ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ መውሰድ ጀመረ። መብራቱን እንፈልገዋለን፤ እኔም ይህን የምጽፈው በመብራት ነው። ቢሆንም ማን ምን እንደሳበ ስናውቅ፣ በበዓል ቀን ለፏፏቴው ስንት ይለቀቅ ብለን መከራከር እንችላለን። ከ«ቀነሰ» ጋር መከራከር አይቻልም።

እንቦጭም እንደዚሁ። በፈረንጆቹ 2011 ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ጀምሮ የደንቢያና የፎገራ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ጎትቶ አውጥቶታል። እዚያ ማን እንደጎተተ አይጠፋም። ትከሻው ይናገራል።

እኔን ወደዚህ ጽሑፍ የጎተተኝ ግን የሰፈሬ የጎርፍ ቦይ ነው። ሁለት ክረምት አፉን ከፍቶ አለፈ። አንዴ ባጃጅ ገብቶበት አሥር ሆነን አወጣነው። ባለፈው ሰሞን የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ስሙ ይቆየን። ጉዳዩን የያዘችው ልጅ ትሑት ናት።

«ሥራው ተጓቶ ነው» አለችኝ።

«እኅቴ፣ ማን ነው የጎተተው?» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ሳበች። ግማሽ ድረስ መጥቶ እምቢ አለ። ጎተተችው። ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች።

«ፋይሉ እዚህ የለም» አለች።

«የት ነው?»

«እየተፈለገ ነው።»