አብሽሩ፣ መብራት ናት!

የሌላ አገር ሹፌር ቦቅቧቃ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ በክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ የተሳለባት ቀይ መብራት ቦግ ካለችበት ዳር ይዞ ይቆማል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ባትሪ አብርቶ ጎማ ሥር ያጎነብሳል። የኛው የደሴ ጀግና ግን ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎ ቁልቁለት ሊያያይዘው ሲል ብትበራበት፣ ዳሽቦርዱን በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና ከኋላ አንገታቸውን ላሰገጉት ተሳፋሪዎች «አብሽሩ፣ መብራት ናት!» ይላል። ተሳፋሪውም ይረጋጋል። እውነቱን ነዋ! መብራት ናት፤ እሳት አይደለችም። ለጊዜው።

ይህን የመሰለ ጽናት ያለ ምስጋና ማለፍ ንፉግነት ነው። ደግሞ ጽናቱ እንዲሁ አልመጣም፤ ማዕረግ አለው። ጀማሪው መብራቷን እያየ እንዳላየ መሆን ይለማመዳል። ከሱ ከፍ ያለው ጥቁር ናስትሮ በጥርሱ ቆርጦ መስታወቱ ላይ ይለጥፍባታል፤ ማታ በጠርዙ ቀይ ወገግታ ሾልኮ ከታየ ሁለተኛ ይደርባል። ብልሁ ናስትሮ አይወድም፣ ያስነቅፋል፤ የመልአክ ሥዕል ወይም «ማሻ አላህ» የሚል ተለጣፊ እዚያችው ቦታ ላይ ያሳርፋል። እስቲ ማን ደፍሮ ይልጠው! መምህር የሚባለው ዳሽቦርዱን ፈትቶ አምፖሏን ይነቅላታል።

ሊቀ ሊቃውንቱ ግን ዳሽቦርድ ጋ አይደርስም። ኮፈን ከፍቶ፣ ከፍሬን ዘይት ዕቃው ጎን ወይም ሥር የተሰካችውን ሶኬት ነቀል ያደርጋታል፤ አለቀ። በዕቃው ውስጥ ማግኔት ያዘለ ተንሳፋፊ አለ፤ ዘይቱ ሲወርድ አብሮ ይወርድና ማብሪያውን ያገናኛል፣ መብራቷ ትበራለች። ሶኬቱ ከተነቀለ የሚገናኝ ነገር የለም። ስለዚህ በብዙዎቹ መኪኖች ዘይቱ እስከ ጠብታው ቢያልቅ መብራቷ ትንፍሽ አትልም። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ፣ የዕድሜ ልክ ሰላም። ዕድሜው ስንት እንደሆነ ባይታወቅም።

ለመሆኑ ይህች አሳባቂ የምታወራው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ወሬዋ የእጅ ፍሬን ነው፤ ተስቦ ከቀረ ትበራለች። ይህ ወሬ ደሴ ላይ ገበያ የለውም፤ የእጅ ፍሬን የሚስብ የለማ! ሽቦው ሳይሳብ ዓመት ከርሞ ከሽፋኑ ጋር በዝገት ተጣብቋል፤ ፈትጎ የሚያቆመው የኋላው የፍሬን ሸራ ተበልቷል። እንደ መኪናው ዓይነት ከ5 እስከ 9 ቀጭ ውስጥ መያዝ የነበረበት ማንሻ እስከ ጣሪያ ቢሳብ አይዝም። ታዲያ ምን ቸገረ? ረዳት አለ፤ ረዳቱም ድንጋይ አለው። ጦሳ ሥር በተንጠለጠሉት ዳገቶች ሚኒባስ ቆሞ ሳያበቃ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ፣ ድንጋዩን በጫማው አፍንጫ እየገፋ ከኋላ ጎማ ሥር ይደቅነዋል። መሐንዲስ ታኮ የሚለውን ነገር እሱ ከመንገድ ዳር በነጻ ያገኘዋል። መኪናው ሲሄድ ድንጋዩ አብሮ አይሄድም፤ ለሕዝብ አገልግሎት እዚያው አስፋልቱ ላይ ይቀመጣል። ማታ በጉም የሚመጣው ባጃጅ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ወሬዋ የዘይት ነው፤ የጀግንነታችን እውነተኛ ሜዳም ይኸው ነው። የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፤ በተዘጋ መስመር ውስጥ የሚኖር ነገር ነው። ከቀነሰ ወይ ሸራው ሳስቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል። ሸራው ሲሳሳ፣ ከጎማ ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ሸራውን የሚጫነው ካሊፐር ውስጥ ያለው ፒስተን ያንኑ ያህል ወደ ውጭ ይወጣል፤ የለቀቀውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል፤ ከላይ ዕቃው ይጎድላል። አዲስ ሸራ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሲቀረው ዕድሜው አብቅቷል። እንግዲህ መብራቷ የምትለው «ሸራህ አለቀ» ነው፤ ጀግናው የሚሰማው «ውሃ ጠማኝ» ነው። ያጠጣታል! እስከ ላይኛው መስመር ጢም አድርጎ ይሞላል፤ መብራቷም ጥፍት። ሸራው ግን አልሞላም። ውሎ አድሮ የሸራው ብረት ጀርባ ዲስኩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፤ በሸራ ዋጋ ያልቅ የነበረው ነገር ዲስክ ጨምሮ ይመጣል። የዚያን ቀን ሜካኒኩ አዲስ ሸራ ሊያስገባ ፒስተኑን ወደ ኋላ ሲገፋው፣ ያ ሁሉ ሲጨመር የከረመ ዘይት በክዳኑ ገንፍሎ የወረደበትን ቀለም ይልጣል።

ከዚያ በፊት ሸራው ራሱ ያለቅሳል። ብዙ ሸራዎች ጫፋቸው ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለቻቸው፤ ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን ነክታ ታፏጫለች። ወሎ የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺሆዬ አገር ነው፤ አምስተኛውን ቅኝት ሚኒባሶቻችን ጨምረውበታል። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ይዜማል። ሹፌሩ ቴፑን ከፍ ስለሚያደርግበት አድማጭ አላገኘም እንጂ።

የሚያንጠባጥበውስ? ፈሪ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ ይረግጥና እስከ 15 ሰከንድ ይይዘዋል። ፔዳሉ እያዘቀዘቀ ከወረደ ወይ ዘይት ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው የማስተር ሲሊንደር ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) አርጅቶ ዘይቱን በውስጥ ያሳልፋል። ከዚያ አራቱንም ጎማ ከውስጥ በኩል ያያል፤ የኋላው ታምቡር፣ ሸራውን በውስጡ የያዘው ክብ ብረት፣ ሥሩ እርጥበት ካለው የጎማው ሲሊንደር አልቅሷል። ይህ ሁሉ ሥራ ፈትነት ነው። ጀግናው የፍሬን መስመር ለሁለት የተከፈለ መሆኑን ሰምቷል፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው መኪናውን ያቆማል፣ ፔዳሉ ጠልቆ፣ መንገዱም ረዝሞ። «ግማሹ አለ አይደል እንዴ!» ይላል። ሐረጎን በግማሽ ፍሬን የሚወርድ ሰው ሙሉውን ቢሰጡት ምን ሊያደርገው ነው?

የሚጨመረው ነገር ደግሞ እንግዳ ተቀባይነታችንን ይመሰክራል። ክዳኑ ላይ የፍሬን ዘይቱ ዓይነት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ ተጽፏል። ተጽፎ ይቅር! የመሪ ዘይት ካለ የመሪ ዘይት፣ የሞተር ዘይት ካለ የሞተር ዘይት፣ ከጠፋ ውሃ፤ ከደጃችን እንግዳ አይመለስም። የሞተር ዘይት የነካው ጎሚኒ ያብጣል፤ ፍሬኑ አንዴ ከያዘ አልለቅም ይላል፤ ከማስተር ሲሊንደሩ እስከ አራቱ ጎማ ያለው ጎሚኒ ሁሉ ተለቅሞ ካልተቀየረና መስመሩ ካልታጠበ አይድንም።

ውሃው ግን የራሱ ሙገሳ ይገባዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ይታገሣል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት መጠጣት ይወዳል፤ እርጥበት ሲጠጣ ልኩ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። የኛ ሰው ከመኪናው ጋር የመጣውን ዘይት መለወጥ እንደ ክህደት ይቆጥረዋል፤ ጥቁር ቡና እስኪመስል ያቆየዋል።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ተሳፋሪ ጭና 3 ቶን የሆነች ሚኒባስ ያንን ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ንፋስና ጎማ ይበሉታል፤ 2ኛ ወይም 3ኛ ማርሽ ቢያዝ ሞተሩም ይካፈል ነበር። ጀግናው ግን ቆጣቢ ነው፤ በዜሮ ማርሽ ይለቃታል። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሳለት ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ በዜሮ ግን እንዳይጠፋ እየጠጣ ይወርዳል። ይህን ለቆጣቢ ሰው መንገር ጭካኔ ስለሆነ እንተወው። ባስ ያለባቸው ሞተሩን ጭራሽ አጥፍተው ይወርዳሉ፤ የእግርን ርግጫ የሚያግዘው ሰርቮ ያጠራቀመው ጉልበት የሁለት ሦስት ርግጫ ነው፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ጦሳ አለት ይደርቃል።

አጋማሹ ላይ አንድ ሽታ ይመጣል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ነው። አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው «ኧረ ምንድነው?» ሲሉ ረዳቱ «እማማ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው፤ ደረስን ማለት ነው» ይላቸዋል። በዚህ ጊዜ ዘይቱ ውስጥ የከረመው ውሃ ይፈላል። ዘይት አይታመቅም፤ እንፋሎት ይታመቃል። ፔዳሉ ሊጥ ሆኖ ወለል ይነካል። ያችን ሰዓት ደግሞ መብራቷ፣ ናስትሮ ባይኖርባትም፣ ላትበራ ትችላለች፤ የምታየው የዘይቱን መጠን ነው፣ መፍላቱን አይደለም። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ በየደረጃው ማውረድ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ መሳብ ይረዳል። የእጅ ፍሬኑ? እሱማ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩም ደሴ ቀርቷል።

ቢጫዋን፣ ኤቢኤስ የሚል የተጻፈባትን፣ ማመስገን አያስፈልግም፤ እሷን ድሮም የሚያያት የለም። ብቻዋን ስትበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ በዝናብ ጊዜ ግን ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጎማው አጠገብ ያለው ሴንሰር ጭቃ መልበሱ ወይም ሽቦው መበጠሱ ነው። ከቀይዋ ጋር አብረው ሲበሩ ግን፣ በብዙ መኪና የፊትና የኋላ ፍሬኑን የሚያመጣጥነው ሥርዓትም ቆሟል ማለት ነው፤ ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ ኋላው ቀድሞ ይቆልፍና መኪናዋ ፊቷን ወደ መጣችበት ልታዞር ትችላለች። ደሴ ረስቶት የመጣው ዕቃ ላለው ሹፌር ይመቻል።

በባቲ በኩል ከጅቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ደግሞ በአየር ነው የሚይዙት። ሲሞላ 8 ባር አካባቢ የሚደርሰው የአየር ግፊት ወደ 5 እና 4 ሲወርድ መብራት ብቻ ሳይሆን ጥሩምባም ይጮሃል። የጥሩምባው ሽቦ ከሁሉ በፊት ይቆረጣል፤ እንቅልፍ ይረብሻላ። ከአየር ጋኑ ሥር ያለችውን ቀለበት በየጠዋቱ ስቦ ውሃ ማስወገድ የረዳት ሥራ ነበር፤ ረዳቱ ድንጋይ ፍለጋ ሄዷል።

የዚህ ሁሉ ጥበብ ፍሬ የሚታየው በሽያጭ ቀን ነው። ጤነኛ መኪና ቁልፉ አንዴ ሲዞርላት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መብራቶቿን ሁሉ ታሳያለች፤ የኤቢኤሷ ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይታ ትጠፋለች፤ ቀይዋ የእጅ ፍሬን ሲሳብ ትበራለች፣ ሲለቀቅ ትጠፋለች። ከመነሻውም ያልበራች መብራት አምፖሏ የለም ወይም አፏ ተለጉሟል። በሊቀ ሊቃውንቱ እጅ ያለፈችው ግን ይህንንም ፈተና ታልፋለች፤ በእጅ ፍሬን ትበራለች፣ በዘይት አትበራም፤ ሶኬቷን ለማየት ኮፈን መክፈት ይጠይቃል። ማን ይከፍታል? ገዢው ወንበሩን ይጫናል፣ ቴፑን ይሞክራል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ደላላው ቁልፉን ያዞርና ጎንበስ ብሎ በጣቱ ያሳየዋል።

«ጋሼ፣ ይዩት! ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት መብራት የላትም!»

እውነቱን ነው፤ አንዲትም የላትም። ገዢውም ደስ ብሎት ቀብድ ሊያወጣ ኪሱ ይገባል።