የንስሐ አባታችንም ይደክማቸዋል

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ማለዳ ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ጠበል ጠጥቶ ተበትኗል። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አቅራቢያ ባለችው አጥቢያችን፣ ሕንፃው እስኪሠራ ከሚቀደስባት ጊዜያዊ ቤት፣ ከመቃኞው ጀርባ በቆርቆሮ በተሠራችው መጠለያ ሥር፣ ካህናችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በእግራቸው ናቸው፤ ማኅሌት ቆመዋል፣ ኪዳን አድርሰዋል፣ ሁለት ሕፃናት አጥምቀዋል፣ ቀድሰዋል። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ፍትሐት ይጠብቃቸዋል። ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች አንዲት ሴት ራቅ ብላ ተራዋን ስትጠብቅ ቆየችና ቀረበች። ጎንበስ ብላ መስቀል ልትሳለም ስትል ካህኑ መስቀላቸውን እንደጨበጡ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

አላነቃቻቸውም። አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳትቆይ አልቀረችም። ከዚያ ተነሥታ በእጃቸው ያለውን መስቀል ቀስ ብላ ከንፈሯን አስነክታ ሄደች። ምን ልትነግራቸው መጥታ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። እርሳቸውም አያውቁም።

ስለ ምእመናን መንፈሳዊ ጤና በተነሣ ቁጥር ወሬያችን ሕዝቡ ጾም ስለማቃለሉ፣ ወጣቱ ስለመራቁ፣ ትዳር ስለመፍረሱ ነው። የካህኑ ነፍስ እንዴት እንደከረመች የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። ያቺ ሴት ሳትናገር ከሄደችበት ቀን ወዲህ ግን የምእመኑ ጤናና የካህኑ ጤና አንድ ጉዳይ እንደሆነ፣ በተለይ እንደ እኛ ባለ የከተማ ዳርቻ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማከም እንደማይቻል አምኛለሁ።

የሰፈራችን ሰው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ የምንኖር ሰዎች አብዛኞቻችን ዕጣ ወጥቶልን ከመሀል ከተማ የመጣን ነን። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲነሣ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲነሣ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች የመጡ ቤተሰቦች አሉ። ሰው ቤት ሲቀይር አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ጭኖ ይመጣል። ዕድሩ፣ ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩና የንስሐ አባቱ ግን በመኪና አይጫኑም።

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ባደግሁበት ግቢ የንስሐ አባታችን በእግራቸው ነበር የሚመጡት። በበዓል ማግሥት ጠበል ይረጫሉ፤ ቡና ይጠጣሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ፊታችንን ያያሉ። አንድ ጊዜ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተኳርፈን ሰነባብተን ነበር። ማንም አልነገራቸውም፤ ከእናቴ ፊት አነበቡት። ሁለታችንንም አስነሥተው ከአንድ ገበታ ካላጎረሳችሁኝ አልሄድም አሉ። አጎረስናቸው፤ እርሳቸውም እኛን እርስ በርስ አጎራረሱን። የእኒያ አባት የንስሐ ልጆች ሁሉም በአንድ ቀበሌ ውስጥ፣ የአንዱ በር ከሌላው በር ጠጠር ተወርውሮ በሚደርስበት ርቀት ነበሩ። ወደ ቱሉ ዲምቱ ከመጣን በኋላ ግን ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ሆነባቸው። ለአንድ ሁለት ዓመት መጡ። ጉልበታቸው ሲደክም ነገሩ በስልክ ሆነ። እየደወልን «አባቴ ይፍቱኝ» እንላለን፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላሉ፤ ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነዎት ተባብለን እንዘጋለን። ሰው ልቡን የሚያቃጥለውን ነገር በስልክ አይናገርም። በእኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ለአምስት ዓመት ያህል ንስሐ አባት አለኝ እያልሁ ያለ ንስሐ አባት ኖሬአለሁ።

ታዲያ በዳርቻው ያለው ካህን ምን ይውጠው? የቀድሞው ካህን የንስሐ ልጆቹን በስም፣ በበሽታና በባሕርይ ያውቃቸው ነበር። የዛሬው በአምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት የሚገባ ሕዝብ ነው የተሰጠው። ሰውዬው ወደ ካህኑ የሚመጣው ወይ ለጋብቻ ወይ ለቀብር ማስረጃ ሲፈልግ ነው። የአባልነት ደብተሩን ይዞ፣ ያልከፈለውን ወርኃዊ አስተዋጽኦ ባንድ ጊዜ ከፍሎ፣ «የንስሐ አባቴ እርስዎ ነዎት ብለው ይፈርሙልኝ» የሚለው ብዙ ነው። ካህኑ ይፈርማሉ። ምን ያድርጉ? ሬሳ ቤት ውስጥ አስቀምጦ የመጣን ሰው አላውቅህም አይሉት።

ስለዚህ ነው በቅዳሴያችን ላይ ቆራቢዎች ሲጠሩ የሚቀርቡት ሕፃናትና በዕድሜ የገፉ እናቶች ብቻ የሆኑት። መካከል ያለነው ቆመን እናያለን። አሥራ ስምንቱን ሰዓት መጾም ከብዶን አይደለም፤ ሙሉውን ዐቢይ ጾም 55 ቀን የምንጾም ሰዎች ነን። ከዚያ በፊት የሚያስፈልገውን፣ የሚያውቀን አባት ፊት ቀርቦ መናገርን ነው ያጣነው። የአንድን አጥቢያ ጤና የሚለካ ሰው ቢመጣ፣ እኔ የጉልላቱን ቁመት ሳይሆን የቆራቢውን ሰልፍ እንዲያይ እለምነው ነበር።

የጉልላቱን ነገር ካነሣሁ አይቀር ልናገር። የሰበካ ጉባኤ አሠራር የተደነገገው በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በ1965 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያኒቱ ካህናቷን ታኖርበት የነበረውን መሬት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የካህኑ እንጀራ ከምእመኑ መዋጮ፣ ከስዕለትና ከሙዳየ ምጽዋት ሆነ። ሰበካ ጉባኤ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ደብር ይዘጋ እንደነበር ሳስብ ለዚያ ዘመን አባቶች አርቆ አሳቢነት እጅ እነሣለሁ። ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድ ላይ የሚመክሩበት ጉባኤ መሆኑም ትልቅ ነገር ነው። የእኛ አጥቢያ ጠቅላላ ጉባኤ ባለፈው ጊዜ ሦስት ሰዓት ያህል ሲሰበሰብ ግን ሁለቱ ሰዓት ተኩል ያለቀው በብረትና በሲሚንቶ ዋጋ ላይ ነው። ሕንፃው አያስፈልግም እያልሁ አይደለም። መቃኞዋ ጠባብ ናት፤ ሕዝቡ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። ይሁን እንጂ ስድስት ካህናትና ዲያቆናት እንዴት እንደሚኖሩ፣ ስንት የንስሐ ልጅ እንዳላቸው፣ መቼ እንደሚያርፉ የሚል አጀንዳ በዚያ ቀን አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በነበሩትም አላስታውስም።

ካህናችን የሚኖሩት ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ፣ ነባር ገበሬዎች በሚያከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤታቸው እንጀራ እየጋገሩ ይሸጣሉ። ሦስት ልጆች አሏቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ አግኝቻቸው እስከ ቤታቸው አብረን ሄድን። «የሰው ኃጢአት ሰምቼ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ለሚስቴ አልነግራት፣ ለጓደኛ አልነግረው፤ እዚህ ይቀመጣል» አሉና ደረታቸውን ነኩ። «ለእርስዎ ንስሐ አባትዎ ማን ናቸው?» አልኋቸው። ከመጡበት ገጠር የነበሩት መምህራቸው እንደነበሩ፣ ካረፉ አራት ዓመት እንዳለፈ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህስ? ዝም አሉ። የደብሩ አለቃ አሉ፤ ግን አለቃው ደመወዛቸውን የሚፈርሙ፣ ዝውውራቸውን የሚጽፉ ናቸው። ለአለቃ ድካምን መናገር ይከብዳል። ይህ በመሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሁሉ የሚገባ ነው።

ይህን ለአንዳንድ ወዳጆቼ ሳጫውት ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥተውኛል። አንደኛው፣ ካህን ጸጋ ስላለው አይደክምም፣ ደከመኝ ካለ እምነቱ ጎድሏል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካህናቱ ራሳቸው ገንዘብ ወዳድ ሆነዋል፣ ምን ያሳዝናሉ የሚል። ሁለተኛውን በባዶው አልክደውም፤ ስዕለት ሲቆጠር ዓይኑ የሚቅበዘበዝ፣ ሹመትን በዘመድ የሚፈልግ አገልጋይ አይተናል፣ አፍረናልም። እንዲህ ያለው ሰው መቅደስ ሲገባ ግን ሌባ ሆኖ አልገባም። ብዙዎቹ በቆሎ ትምህርት ቤት ቁራሽ እንጀራ ለምነው፣ ውሻ ነክሷቸው፣ በብርድ አድረው የተማሩ ናቸው። በመካከል የሆነ ቦታ ላይ የሚመክራቸው፣ የሚቆጣቸው፣ የሚያለቅሱበት ሰው አጥተዋል። ይህ ጥፋትን አያጸድቅም፤ መከላከል የሚጀመርበትን ቦታ ግን ያሳያል።

ለመጀመሪያው መልስ ኤልያስን አስታውሳለሁ። ከሰማይ እሳት ያወረደው ነቢይ ብዙም ሳይቆይ ከአንዲት ሴት ዛቻ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ አለ። እግዚአብሔር በዚያች ሰዓት አልገሠጸውም፤ ስብከትም አልላከለትም። የላከው መልአክ የመጣው በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ይዞ ነው። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከአርባ ቀን በኋላ፣ በኮሬብ ዋሻ ውስጥ ነው። ይህን ታሪክ በልጅነቴ የሰማሁት ለእሳቱ ሲባል ነበር፤ አሁን ግን እንጎቻው ነው ልቤን የሚነካው። ቅዱስ ጳውሎስም የኤፌሶንን አገልጋዮች ሲሰናበት ስለ መንጋው ብቻ አደራ አላላቸውም፤ ለራሳችሁም ተጠንቀቁ ብሏቸዋል።

ካህን ደክሞ ሳለ ሕዝቡ ባዶውን አይቀመጥም፤ የሚሰማው ሰው ፍለጋ ይሄዳል። በከተማው ዳርቻ ራሳቸውን አጥማቂ ብለው የሰየሙ ሰዎች ዘንድ ሌሊት ተነሥቶ የሚሰለፈውን ሕዝብ ስናይ ስለ ተንኮላቸው ብቻ እንናገራለን። እነርሱ ዘንድ የምትሄድ አንዲት ጎረቤቴን ለምን ትሄጃለሽ ብዬ ቆጥቻት ነበር። «ስሜን ይጠሩኛል» አለችኝ። በእኛ አጥቢያ ስድስት ዓመት አስቀድሳለች፤ ስሟን የሚያውቅ ካህን የለም።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ከባድ ነገር አልጠይቅም። ሰበካ ጉባኤው የእያንዳንዱን ካህን የንስሐ ልጆች ቁጥር ይወቅ፤ አንዱ ትከሻ ላይ ብቻ የወደቀውን በሕንፃና በብሎክ ያደላድል። ምእመኑም በመሀል ከተማ ያሉትን አባቱን አመስግኖ፣ መርቀው እንዲያሰናብቱት ጠይቆ፣ በሚኖርበት አጥቢያ አባት ይያዝ። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ አባቴ አለቀሱ፣ ግን መረቁኝ። ሀገረ ስብከቱ በበኩሉ በአስተዳደር የሌሉበትን፣ የሚያዋርዱም የሚሾሙም ያልሆኑ ሽማግሌ መነኮሳትን ለካህናት ንስሐ አባትነት ቢመድብ ብዙ ይጠቅማል። እንቅልፍ ያጣ፣ ሰውነቱ የከዳው አገልጋይ ሐኪም ዘንድ ቢሄድም ነውር አይሁንበት። ከሁሉ በላይ በዓመት ውስጥ ጥቂት የሱባኤ ቀናት ይሰጡት፤ ደመወዙ ሳይቆረጥ፣ ቦታውን ሌላ ካህን ሸፍኖለት።

ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሰማይ ሲጠራ የዝቋላ ተራራ ይታያል። ካህናችን ቀና ብለው ሲያዩት ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። እዚያ ሱባኤ መግባት ይመኙ ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ አባቶች መገደላቸውን ከሰማን በኋላ ግን ባለቤታቸው እዚያስ አይሄዱም ብለው ለመኗቸው። ባለፈው ነሐሴ ፍልሰታ እንደተፈታ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶችና የእኛ ብሎክ ነዋሪዎች ጥቂት ብር አዋጥተን የቤት ወጪያቸውን ሸፈንን፤ ከጎረቤት አጥቢያ አንድ ካህን ሊተኩላቸው ፈቀዱ፤ አለቃውም ደብዳቤ ጻፉ። ለአሥር ቀን ወደ ሌላ ገዳም ሄዱ።

ሲመለሱ መነኸሪያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኋቸው። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ጠርቷል። ሱባኤው እንዴት ነበር አልኋቸው። «የመጀመሪያውን ሦስት ቀን ተኛሁ» አሉ። «አበ ምኔቱ አትቀስቅሱት ብለው በሬ ላይ ንፍሮ ያስቀምጡልኝ ነበር። በአራተኛው ቀን እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ የአራት ዓመቱን ሁሉ ነገርኋቸው።»

ታክሲ ውስጥ ገብተን ገላን እስክንደርስ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተስ? ለመጨረሻ ጊዜ ንስሐ የገባኸው መቼ ነው?» አሉኝ። የቆየ መሆኑን ነገርኋቸው። «ነገ ከኪዳን በኋላ ና፤ አልተኛም» አሉ።