ስቴፕለሩን መልስ

ሀዋሳ የሄድኩት ለአንድ ወረቀት፣ ለሥራ ልምድ ደብዳቤ ብዬ ነው። ለእናቴ ግን «ናፍቀሽኝ ነው የመጣሁት» ብያታለሁ። እሱም ውሸት አይደለም።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ረዳት ነኝ። ስልክ አነሳለሁ፣ ፋይል አስገባለሁ። በቅርቡ እዚያው «ኤች አር ጀነራሊስት» የሚባል ቦታ ተከፈተና አለቃዬ ለምን አትወዳደርም አለችኝ። ማስታወቂያውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሠራተኛ መመልመል፣ አዲስ ገቢውን ማለማመድ፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም መከታተል፣ ፈቃድ መመዝገብ፣ ቅሬታ መስማት፣ ዲሲፕሊን፣ ሥልጠና፣ ሕግ መከበሩን ማየት። ጀነራሊስት ማለት ይሄ ከሆነማ እኔ ሀዋሳ 4 ዓመት ጀነራሊስት ነበርኩ! የሚጠሩኝ ግን «ፐርሶኔሉ» እያሉ ነው።

ከ2004 እስከ 2008 በአንድ የግል ድርጅት ነው የሠራሁት። ጠዋት የፊርማ መዝገቡ ላይ ቀይ መስመር የማሰምረው እኔ ነኝ። ወር ሲደርስ ፔሮል እሠራለሁ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ በ2003 ታውጆ ገና አዲስ ስለነበር፣ በየወሩ «ደመወዜን ለምን ቆረጥክብኝ?» የሚል ሰው በሬ ላይ ይሰለፋል። ይሄ ያንተው ነው፣ ለእርጅናህ ነው፣ ድርጅቱም ይጨምርልሃል እያልኩ ሳስረዳ ምላሴ ይደርቅ ነበር። ዛሬ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው አስታርቄያለሁ። ለቅሶ ሲኖር መኪና የማዘው፣ መዋጮ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ይሄኛው ሜሪላንድ ማስታወቂያ ላይ የለም።

ማስታወቂያው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ዲግሪና ቢያንስ 2 ዓመት ልምድ ነው። «ፒ ኤች አር» የሚባለው የሙያ ማረጋገጫ ያለው ይመረጣል ይላል። ለዚያ ፈተና ለመቀመጥም ቢሆን ባለ ዲግሪ 2 ዓመት፣ ዲግሪ የሌለው 4 ዓመት በሙያው መሥራት አለበት። ዕድሜ አይጠይቅም። ጾታ አይጠይቅም። ዕድሜው 40 የሞላውን ሰው በዕድሜው ምክንያት መግፋት በ1967 እንደ ፈረንጆቹ በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው። እኛ ጋ ፒያሳ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ቆሜ አነበብኩት፤ «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ፣ ተያዥ ማቅረብ የሚችል፣ ደመወዝ በስምምነት።» እኔ በ35ቱ ወድቄያለሁ።

ግን ሁሉ ነገር እዚያ ይሻላል ማለቴ አይደለም። የኛ አገር እናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዟ አላት ብዬ ስናገር አለቃዬ አላመነችኝም። እዚያ የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው፤ እሱም ድርጅቱ 50 ሠራተኛ ካለው። ሕጋችን ምንም አይወጣለትም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ልጠይቅ ወደ ድሮው መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ወንበሬ ላይ አንዲት ትሁት ልጅ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ክሊራንስ አለዎት?» ዕዳም ንብረትም የለበትም ተብሎ ክፍሎቹ ሁሉ የሚፈርሙበትን ወረቀት ማለቷ ነው።

«የኔ እህት፣ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ! ያኔ በችኮላ ነው የሄድኩት።»

«ያለ ክሊራንስ አንሰጥም ጋሼ።»

አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ስጠው ይላል። ይህን ነገርኳት። በትህትና ሰማችኝ፤ ከዚያ ከመሳቢያዋ የክሊራንስ ፎርም አወጣች።

ፎርሙን አየሁት። የኔ ነው። በገዛ እጄ ነው ያዘጋጀሁት። ከዩኒቨርሲቲው ቀድቼ ስላመጣሁት «ቤተ መጻሕፍት» የሚል የፊርማ ቦታ አለው። ድርጅቱ ቤተ መጻሕፍት ኖሮት አያውቅም። እዚያች መስመር ላይ ስንት ሰው አመላልሼ ይሆን?

ፋይናንስ ፈረመ። ንብረት ክፍል ግን መዝገብ ተገለጠና በስሜ አንድ ስቴፕለር ተገኘ። የ4 ዓመት ሥራዬ የለም፣ ፋይሌ ጠፍቷል፣ ስቴፕለሩ ግን አለ! ወጥቼ ከስቴሽነሪ አዲስ ገዝቼ አስረከብኩ። የንብረት ክፍሉ አባት ገልበጥ አድርገው አዩትና «ያኛው ትልቅ ነበር ልጄ» አሉኝ።

በማግስቱ ማህተም ያዧ የለችም። ከማግስቱ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው። አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ ሾርባ ጠጣሁ። ሦስት ቀን ተከታትዬ ጠጣሁ፤ ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ እሱ ነው። ሜሪላንድ እኔ ራሴ የቀድሞ ሠራተኛ ማስረጃ ሲጠይቀኝ ፋይሉን ከፍቼ፣ አይቼ፣ በኢሜል እልካለሁ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ፋይሉ ስላለ ነው።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤው ወጣ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በፐርሶኔልነት፣ በዚህን ያህል ደመወዝ። «ከደመወዛቸውም ተገቢው የሥራ ግብር ተቀናሽ ሆኖ ለመንግሥት ገቢ ተደርጓል።» አለቀ። ግብር መክፈሌ ተጽፏል፣ ምን እንደሠራሁ አልተጻፈም። ምልመላው የለም፣ ፔሮሉ የለም፣ ያ ሁሉ የጡረታ ክርክር የለም። ይህን ይዤ አለቃዬ ፊት ብቀርብ «ፐርሶኔል» የምትለዋን ቃል አይታ ምን ልትል ነው?

«እህቴ፣ የሠራኋቸውን ሥራዎች አንድ ሁለት መስመር ብትጨምሪልኝ?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ፎርማቱ ይሄ ነው። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው የምንጽፈው።»

ፎርማቱን ማን እንዳወጣው አልነገርኳትም።